ሲታክተን የሚያስፈልገን ሥልጠና ነው ወይስ ገደብ?

የክርክሩ መሪ፦ በሆስፒታል፣ በተፈናቃዮች መጠለያና በማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ባለሙያ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሰው ብዛት በመመሪያ ይገደብ ወይስ አይገደብ? ጥያቄውን ያነሳነው እዚሁ ጎንደር አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ጭንቀትን የመቋቋም ሥልጠና ሰጥቶ፣ የወር ዕቅዳቸውን ግን እንዳለ በመተዉ ነው። የመሥሪያ ቤት ስም አይጠራ።

የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ ማራኪ፦ ሥልጠናው ላይ ነበርኩ። በረዥሙ መተንፈስ ተማርን፤ ስንመለስ ያልተነካ ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ጠበቀን። ጥቃት የደረሰባት ልጅ ታሪኳን ስትነግረኝ ዓይኔ ሰዓት ላይ ነው፤ በር ላይ ሌሎች ተሰልፈዋል። ማታ ያቺኑ ልጅ በሦስት ቅጽ እሞላታለሁ፦ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለለጋሹ፣ ለክልሉ። ሰቆቃውን መስማት ከባድ ቢሆንም ፈቅጄ የገባሁበት ሙያ ነው። የሚያዝለኝ የረባ ነገር ሳላደርግላት «አገልግሎት አግኝታለች» ብዬ መፈረሜ ነው። በግምገማ ላይ የሚጠየቀውም ስንት ሰው እንዳየሁ ብቻ ነው። ይገደብ።

ጡረተኛ የጤና ባለሙያ፣ አዘዞ፦ ልጆቼ፣ አትቆጡኝ። የጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1954 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ የወጡት ባለሙያዎች መንገድና መብራት በሌለበት ገጠር ሠርተዋል። እኔም ከእነሱ ጋር በበቅሎ ሄጃለሁ። ታከተኝ የሚል አልሰማሁም። የዛሬ ሰው ቶሎ ይሰበራል።

ነርስ፣ ተኝቶ ሕክምና ክፍል፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ያነሱት ታሪክ ለእኔ ይመሰክራል። ያ ማሠልጠኛ ጤና መኮንኑን፣ ኮሚዩኒቲ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን (ሳኒታሪያኑን) አብሮ አሠልጥኖ በቡድን ነበር የሚልካቸው። አንዱ ሲደክም ሌላው ነበረ። እኔ በአዳር ተራዬ ብቻዬን ክፍሉን ሙሉ እይዛለሁ፤ ጠዋት ተተኪዬ ከቀረች ደግሞ እቀጥላለሁ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ አገሩ ስለ ደመወዛችን አወራ። ስለ እንቅልፋችን ማን ጠየቀ?

የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣ ፒያሳ፦ ስሜቱ ይገባኛል፤ እኔ ግን በመመሪያ ነው የምሠራው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን መታከት ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው እንጂ በሽታ አላለውም። በሽታ ላልተባለ ነገር የሕመም ፈቃድ አልሰጥም። የምቀጥረውም በጀት የተያዘለት የሥራ መደብ ሲኖር ነው። ከገደቡ በላይ የመጣውን ሰው የት ላድርሰው?

የሕግ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ የድርጅቱን ቃል ከመሃል አትቁረጠው። መታከቱ የሚመጣው በአግባቡ ካልተያዘና ከቆየ የሥራ ቦታ ጫና ነው ይላል፤ ምልክቶቹም የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። በሽታ አይደለም መባሉ ጥያቄውን ከሐኪሙ ወደ አንተ ያዞረዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥም በመርህ ክልክል ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ በዚህ አዋጅ ስለማትተዳደር እሱን አልጠቅስላትም። የግል ድርጅቱ ሠራተኛ ቢሆንም አዋጁ የሚቆጥርለት ሰዓቱን ነው፤ አንድ ባለሙያ ስንት ሰው ይያዝ የሚለውን አይነካም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ደምቢያ፦ ከተሜዎቹ ቢያንስ ተተኪ ትጠብቃላችሁ። ፕሮግራማችን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተብሎ ነበር። ጓደኛዬ ወሊድ ስትወጣ ቀበሌው ሙሉ የእኔ ነው። ቀበሌውን እንዴት ትገድቡልኛላችሁ?

አስታማሚ፣ ከሳንጃ፦ ልጄን ይዤ ስመጣ «የዛሬው ቁጥር ሞልቷል» ብትሉኝ የት አድራለሁ? መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል። አንዲት ነርስ ጮኻብኛለች፤ ሌሊቱን ቆማ ስታድር ስላየኋት አልተቀየምኳትም። በር ከዘጋችሁብኝ ግን እቀየማለሁ።

የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ ማራኪ፦ እናቴ፣ ከሁላችንም ክርክር የከበደኝ የእርስዎ ነው። ድንገተኛ ክፍልን መገደብ አይቻልም፤ እዚያ መገደብ ያለበት የባለሙያው የአዳር ተራ ነው። ለወራት የምንከታተለው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ቁጥሩ ሲያልፍ ሰው አይመለስ፤ ኃላፊው «ከአቅም በላይ መሆኑን አውቄ አሠርቻለሁ» ብሎ ይፈርም። አሁን ትርፉን ሥራ የምንሸከመው በዝምታ ስለሆነ በሪፖርቱ ላይ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል። የሰው ኃይል ጉድለቱ ካልተጻፈ ደግሞ መደብ የሚፈቅድልን የለም።

የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣ ፒያሳ፦ እኔ ልፈርም፣ በጀቱን ሌላ ሰው ይያዝ፤ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?

የሕግ ባለሙያ፦ በጀቱን የሚያጸድቀው ይፈርም።

የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣ ፒያሳ፦ እንደዚያ ከሆነ አልቃወምም። ግን ይህ አራተኛ ቅጽ እንዳይሆን፤ ከሦስቱ አንዱ ይሰረዝ።

የክርክሩ መሪ፦ የትኛው እንደሚሰረዝ እስከ ዓርብ ጻፉ። ስለ ደምቢያዋ እህታችን ቀበሌ እስካሁን መልስ የሰጠ ሰው የለም።