እናቴ የጉልበት ስፖርቷን እንዳታቋርጥ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
የ64 ዓመቷ እናቴ ሁለቱንም ጉልበቶቿን ማመም ከጀመራት ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ሐኪሙም አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም መሆኑን ነግሮ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ወደሚሰጥ ሕክምና ላካት። ባለሙያዋ ዘንድ ስትመላለስ ደረጃ መውጣትና ከበርጩማ መነሣት ቀልሏት ነበር፤ ክትትሉ ካበቃ በኋላ ግን ቤት ውስጥ እንድትሠራው የታዘዘላትን እንቅስቃሴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተወችው። ስጠይቃት «ስሠራው ያመኛል፤ ያለቀ አጥንት ቢያፋትጉት ይብስበታል እንጂ አይድንም» ትለኛለች። በየቀኑ መጨቃጨቁ ሁለታችንንም ስላሰለቸን ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1፦
ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እናትዎ የተናገሩትን ከብዙ ታካሚዎች እሰማዋለሁ፤ ብዙዎችን የሚያስቆማቸው ስንፍና ሳይሆን ይህ ፍርሃት ነው። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አካል የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ወደ ውስጡ እንዲዘልቅ የሚረዳውም ጉልበቱ ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ደግሞ ጉልበትን ይደግፋል። ሕመሙን ራሳቸው ይለኩት፦ ከ0 (ምንም ሕመም የለም) እስከ 10 (እጅግ የከፋ ሕመም) ባለው መለኪያ ከ5 ካላለፈና በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ወትሮው ከተመለሰ ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ በማግስቱ ከባሰባቸው ድግግሞሹን ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። ጉልበቱ በድንገት አብጦ ከጋለ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሐኪም ሳይዘገይ ይያቸው። በየሁለትና ሦስት ወሩም አንድ ጊዜ ወደ ባለሙያዋ ቢመልሷቸው መልካም ነው፤ የሚጠብቃቸው ሰው እንዳለ ማወቃቸው ያበረታቸዋል።

መልስ 2፦
ልጄ፣ እኔም የዚሁ በሽታ ታማሚ ነኝ። «ጠዋትና ማታ ሥሪ» ስባል እየረሳሁ ስንት ቀን አለፈኝ! የያዘልኝ ከቡናዬ ጋር ሳያይዘው ነው። ጀበናው ከሰሉ ላይ ተጥዶ እስኪፈላ ድረስ ግድግዳ በተደገፈ ወንበር ላይ አሥር ጊዜ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ ቶናው እስኪደርስ ደግሞ ጋቢዬን ጠቅልዬ ከጉልበቴ ሥር አደርግና ወደ ታች ተጭኜ አምስት እስክቆጥር እይዛለሁ። ለቡና የምትመጣው ጎረቤቴም አብራኝ ትሠራለች፤ የቀረሁ ቀን የምትጠይቀኝ እሷ ናት። እናትሽን «ሠራሽ?» ከማለት ይልቅ አጠገባቸው ሆነሽ አብረሻቸው ሥሪ።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ መለኪያው ዛሬ ሳስረዳት «ታዲያ የእኔ ከ3 አያልፍም» አለችኝ፤ ነገ ጠዋት ጀበናው ሲጣድ ወንበሩን አጠገቧ አስቀምጬ አብሬያት እጀምራለሁ።