ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው ገጽ በምን እንጀምረው? (ክርክር)

የፍራንኮ ልጅ፦
ቅዳሜ አዳማ ፖስታ ቤት ጋ ያላለቀው ክርክር እዚህ ይቀጥል። ላልነበራችሁ በአጭሩ፦ ለአማርኛው ውክፔዲያ የቢንያም መሐመድን ገጽ እያዘጋጀን ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ እንግሊዝ የገባ፣ በ2002 ፓኪስታን ካራቺ ላይ ተይዞ ጓንታናሞ፣ የአሜሪካ ጦር እስር ቤት የደረሰ፣ በ2009 የተለቀቀ ሰው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ረቂቁ «በሽብር ሴራ የሚታወቅ» ብሎ ይጀምራል። ግማሻችን «ፈረዳችሁበት እኮ» አልን። የቀሩት «መንግሥት ያለውን መጻፍ ምን ነውር አለው?» አሉ። እናንተስ?

የወንጂው፦
እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። አሜሪካ ያለችው አለ፣ ሰውየው ያለው አለ። ሁለቱን እኩል አስቀምጦ መውጣት ነው። አንባቢው ይፍረድ፤ እኛ ዳኛ አይደለንም።

የሕግ ተማሪዋ፦
ያቺ «እኩል» የምትላት ናት የምትሸውድህ። አንደኛው ወገን እኮ የእስር ቤቱን ቁልፍ የያዘ ነው። ጓንታናሞ በ2002 ከተከፈተ ወዲህ ወደ 780 ሰው ገብቶበታል። አብዛኛው አንድም ክስ ሳይመሰረትበት ነው የወጣው። የስም ዝርዝሩ እንኳ ይፋ የሆነው በ2006 ነው፤ ያውም አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል የአሜሪካን መከላከያ ሚኒስቴር ፍርድ ቤት ካቆመው በኋላ። ከዝርዝሩ ጋር የወጣው ሰነድ ምን ነበር? መኮንኖች ፊት የተነበበ የውንጀላ ወረቀት። እስረኛው ጠበቃ የለውም፣ ምስጢር የተባለውን ማስረጃም አያይም። በዚህ አካሄድ የ558 ሰው ጉዳይ ታይቶ «ጠላት ተዋጊ አይደሉም» የተባሉት 38 ብቻ ናቸው። ለብዙዎቹ ከዚያ ወረቀት ሌላ ምንጭ የለም። እሱን ገልብጠህ «ይታወቃል» ካልክ፣ የአሳሪውን ደብዳቤ በራስህ ስም ፈርመህ አወጣኸው ማለት ነው።

የላይብረሪዋ፦
ቆይ ቆይ፣ በዚያኛው በኩልም እንዳንወድቅ። ቅዳሜ «ያለ ክስ 7 ዓመት ታሰረ» ብለን እንጀምር ያላችሁ ነበራችሁ። አይሆንም። ቢንያም ከ3 ዓመት በላይ ያለ ክስ ቆይቶ በ2005 ወታደራዊ ኮሚሽን (የጦሩ ልዩ ፍርድ ቤት) ፊት በማሴር ተከሷል። በ2006 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሚሽኖቹን ሕገወጥ ሲላቸው ያ ክስ ወደቀ። በ2008 እንደገና ከሰሱት፣ በዚያው ዓመት አነሱለት። ፍርድ የሚባል ነገር አልተሰጠም። ለሰው ስላዘንን ውሸት አንጻፍ። ጭራሽ ሳይከሰስ የቆየ ሰው ከፈለጋችሁ የአልጀዚራው ካሜራማን ሳሚ አልሐጅ አለ፤ በ2001 መጨረሻ ፓኪስታን ተይዞ በ2008 ተለቀቀ፣ ክስ አልቀረበበትም።

የወንጂው፦
እሺ፣ ታዲያ ውንጀላውን እንደብቀው? አንባቢ «ለምን ታሰረ?» ብሎ እኮ ነው ገጹን የሚከፍተው። አሜሪካ ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ቦምብ ለማፈንዳት አሲሯል ነው የተባለው። ይሄ የሌለበት ገጽ የጠበቃ ጽሑፍ ነው። ደግሞ ረቂቁ ላይ ለውንጀላው ሦስት የግርጌ ምንጭ አለው። ሦስት ጋዜጣ!

ጋሽ መምህር፦
ማንም ደብቁ አላለም ልጄ። ግን እነዚያን ሦስት ጋዜጦች ከፍተህ አይተሃቸዋል? እኔ አየኋቸው። ሦስቱም የሚጠቅሱት ያንኑ አንድ መግለጫ ነው። አንዱ ጋዜጣ ሌላውን ጠቅሶ ነው የጻፈው። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ስላወራ ሦስት ምስክር አይሆንም። ይሄ ደግሞ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በ2008 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፓርሃትን፣ የአንድ ኡይጉር (ከቻይና የመጣ ሙስሊም) የጓንታናሞ እስረኛን ጉዳይ አየ። መንግሥት ያቀረባቸው ሰነዶች ያንኑ አባባል የሚደጋግሙ ነበሩ። ዳኛው ሜሪክ ጋርላንድ መንግሥት ሦስቴ ስላለው ብቻ ነገሩ እውነት አይሆንም ብለው ጻፉ። እኛ የግርጌ ምንጭ ስንደረድር የምንሠራው ይሄንኑ ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ክብደት ያለው ይመስላል። ዋናውን መግለጫ አንዴ ጥቀሱ፣ ማን መቼ እንዳለው ጻፉ፣ በቃ።

ባቱ መንገድ፦
የጓንታናሞው ይቅለላችሁ። ነገ የሀገራችንን ስትጽፉስ? ወንድሜ ታስሮ ሳይከሰስ ተለቀቀ። እስከዛሬ ስሙን ስትፈልጉ የሚመጣው «በቁጥጥር ስር ዋለ» የሚለው ዜና ነው። መለቀቁን የጻፈ የለም። ሥራ ሊቀጠር ሄዶ ቀጣሪው ስልኩን አውጥቶ ያንን አሳየው። ዝም ብሎ ተመልሶ መጣ።

የሕግ ተማሪዋ፦
አይዞህ ወንድሜ። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ያወጣው ደንብ ለዚህ ይጠቅማል። ፍርድ ቤት እስኪፈርድ ሰው ንፁህ ሆኖ ይገመታል፤ ሕዝብ የማያውቀው ሰው ከሆነ ደግሞ ውንጀላውን ጭራሽ አለመጻፍን በደንብ አስቡበት ይላል። እንደ ወንድምህ ላለ ሰው ገጽ አይከፈትም፣ አለቀ። ለታወቀ ሰው ግን መለኪያው ሕገ መንግሥታችን ውስጥ አለ። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ስለዚህ መቼ ተያዘ? መቼ ቀረበ? ፖሊስ ስንት ጊዜ ቀጠሮ ጠየቀ? ክስ ተመሠረተ ወይስ አልተመሠረተም? ይሄ ሁሉ ቀን ያለው ነገር ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። ቢያስቀይምም እውነት ነው።

የፍራንኮ ልጅ፦
በዚህ መሠረት ልሞክረው። «ቢንያም መሐመድ በኢትዮጵያ የተወለደና በእንግሊዝ ይኖር የነበረ ሰው ሲሆን፣ ከ2002 እስከ 2009 በአሜሪካ ትእዛዝ በተለያዩ አገሮች ታስሯል። ሁለት ጊዜ ተከሶ ሁለቱም ክሶች ሳይፈረድባቸው ቀርተዋል። የአሜሪካ መንግሥት በቦምብ ሴራ ተሳትፏል ሲል እሱ ክዷል። ሞሮኮ ውስጥ ተሰቃይቷል።»

የወንጂው፦
ውንጀላው ሦስተኛ ላይ ወረደ አይደል? እሺ፣ እሱን ዋጥኩት። የመጨረሻው ግን ምንድን ነው? ለመንግሥት «ሲል» ትላለህ፣ ለሱ ሲሆን «ተሰቃይቷል» ብለህ ትደመድማለህ?

የላይብረሪዋ፦
እዚህ ላይ እውነቱን ነው። የሞሮኮው የሱ ቃል ነው፤ «ተሰቃይቻለሁ ብሏል» ይባል። የፓኪስታኑ ግን ሌላ ነው። በ2010 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይፋ ያስወጣቸው 7 አንቀጾች እዚያ እስር ላይ ሳለ የደረሰበት አያያዝ ቢያንስ ጭካኔ የተሞላበትና አዋራጅ ሊባል እንደሚችል ይናገራሉ። እሱን በፍርድ ቤቱ ስም ጻፈው።

የወንጂው፦
በፍርድ ቤቱ ስም ከሆነ ይግባ። ሦስቱን ጋዜጦችም አንድ አድርጋችሁ ላኩልኝ፤ ማታ እለጥፈዋለሁ።