የካፖኤራ ትርኢት ልናሳይ ነው፤ ክቡን መድረክ ላይ እንዴት እናቁመው?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ የሰፈር የካፖኤራ ቡድን አለን፤ ካፖኤራ ትግልና ጭፈራ የተቀላቀለበት የብራዚል ጨዋታ ነው። ሁሉም ሥራ ውሎ ማታ የሚመጣ ሰው ነው። ሀበሻ እኔና አንድ ልጅ ብቻ ነን። በሚቀጥለው ወር በሰፈሩ አዳራሽ የብራዚል ጥበብ ምሽት ልናሳይ ነው፤ ቅንብሩ ደግሞ እኔ ላይ ወደቀ። ካፖኤራ በክብ ነው የሚጫወቱት። ልምምድ ላይ ወርጄ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ባይ የሚታየኝ የሰው ጀርባ ብቻ! ከበሮውም ቤሪምባዎቹን (ቅል የታሰረባቸውን ባለ አንድ ሽቦ ቀስት መሰል መሣሪያዎች) ይውጣቸዋል። አንዱ «ሙዚቃውን ከስልክ እንልቀቀው» አለ፤ አልተዋጠልኝም። ማኩሌሌውን (ዱላ እያጋጩ የሚጨፈረውን) በዱላ ሳይሆን በገጀራ ካልሠራን የሚሉም አሉ። ሕፃናት ከፊት ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1
ገጀራ? ሕፃናት ፊት? ኧረ በእመቤቴ! ዱላው ራሱ አንዳንዴ ከእጅ ያመልጣል።

መልስ 2፦ ከቴል አቪቭ
እህቴ፣ ክቡን አትዝጉት። እንደ ፈረስ ኮቴ አፉን ወደ ሕዝቡ ክፈቱት። ሦስቱ ቤሪምባዎች ከኋላ ይቁሙ፣ ፊታቸው ወደ ተመልካች። ተቀባዮቹ ግራና ቀኝ። ሁለቱ ተጫዋቾች ከቤሪምባው እግር ሥር ቁጢጥ ብለው ነው የሚነሡት፤ ሰው ከመነሻው ያያቸዋል።

የስልኩን ነገር እርሱት። ጨዋታውን የሚመራው ጉንጋው ነው፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ቤሪምባ። ሲያፈጥን ያፈጥናሉ፤ ሲጠራቸው ጨዋታውን አቁመው እግሩ ሥር ይመለሳሉ። ስልክ ማንን ይጠራል? ከበሮውን ዳር አውጡት። ማይክ ለጉንጋውና ለአውጪው ብቻ ይሁን። ማይኩ ከቅሉ ጎን እንጂ ከአፉ ፊት አይቁም። ተጫዋቹ ቅሉን ወደ ሆዱ እያስጠጋና እያራቀ ነው ድምፁን የሚለዋውጠው፤ ማይክ መሀል ከገባ ይጋጫል። ሌላ የተወጠረ ቤሪምባም ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጡ። ሽቦው ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተመዘዘ ነው፣ ሲዝግ ይበጠሳል። የሚበጠሰው ደግሞ ሰው ፊት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማኩሌሌውንና የዓሣ አጥማጆቹን የመረብ ጉተታ ጭፈራ በደንብ አስጠኑ። የካፖኤራውን ጨዋታ ግን እንዳታስጠኑ! አንዱ ምን እንደሚመጣበት አስቀድሞ ካወቀ ሽሽቱ የውሸት ይሆናል። ሕዝብ ደግሞ ወዲያው ይነቃል።

መልስ 3
የመክፈቻ ንግግሩን አሳጥሩ በናታችሁ። ይህን ብቻ በሉ፦ ብራዚል ባርነትን ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። በ1890 የወንጀል ሕጉ ካፖኤራን ከለከለ። በ1937 የካፖኤራ መምህሩ የሜስትሬ ቢምባ ትምህርት ቤት ሳልቫዶር ውስጥ ፈቃድ አገኘ። በ2014 ዩኔስኮ መዘገበው። በቃ፣ ማይኩን አስረክቡ። መጨረሻ ላይ ሳምባ ደ ሮዳ (በክብ የሚጨፈር ሳምባ) አድርጉና ተመልካቹን እየጎተታችሁ አስገቡ። ሀበሻ ካለ ጭብጨባ አይቸግራችሁም።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ልምምድ ላይ ክቡን ከፈትነው፤ ሌላ ነገር ሆነ። ከበሮ መቺያችን ዳር በመውጣቱ አኩርፏል፣ ይለፍለታል። ገጀራውም ቀርቷል። አሁን የቸገረኝ ነጩ ሱሪ ነው፤ በመድረኩ መብራት ውስጡ ሁሉ ይታያል።

መልስ 1
ከሥር የቆዳችሁን ቀለም የሚመስል ቁምጣ ልበሱ። ነጭ በነጭ ላይ ይብስበታል።