ኦክስጅን የቀነስኩባቸው ቲ ሴሎች ሂፍ-1 አልፋ አያሳዩም፤ ዛሬውኑ የሚመልስልኝ እፈልጋለሁ

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በካንሰር ዕጢ ውስጥ ያለው የኦክስጅን እጥረት ቲ ሴሎችን (ዕጢን የሚዋጉትን የበሽታ መከላከያ ሴሎች) እንዴት እንደሚያዳክም ነው። ሴሎቹን 1 በመቶ ኦክስጅን ባለው ዝግ ሳጥን አሳድሬ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በአንቲቦዲ ለይቶ እንደ መስመር በሚያሳየው ምርመራ) ስመረምራቸው ኦክስጅን ሲያጥር የሚጠራቀመው ፕሮቲን፣ የሂፍ-1 አልፋ፣ መስመር ጭራሹን የለም፤ ለማነጻጸሪያ የምጠቀምበት የአክቲን ፕሮቲን መስመር ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል። የቀረኝ አንድ ሳህን ነው፣ ኦክስጅኑን ከሳጥኑ የማስወጣበት ናይትሮጅንም ሊያልቅ ተቃርቧል፣ አማካሪዬም ውጤቱን ነገ ጠዋት ይጠብቃሉ። አንቲቦዲው ይሆን የተበላሸው?

መሪጌታ ሴል
ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል። ሂፍ-1 አልፋ ኦክስጅን ባለበትም ይመረታል፤ ነገር ግን ፕሮሊል ሃይድሮክሲሌዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች በኦክስጅንና በብረት እየታገዙ ምልክት ያደርጉበታል፣ ቪኤችኤል የተባለው ፕሮቲን ምልክቱን ለይቶ ይይዘዋል፣ በመጨረሻም የሴሉ ፕሮቲን ሰባሪ የሆነው ፕሮቲዮዞም ይሰባብረዋል። ኦክስጅን ሲያጥር ምልክቱ ስለሚቀር ተጠራቅሞ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሴሎች ኦክስጅንን እንዴት እንደሚለዩ በማሳየታቸው ነው። በዕጢው ውስጥ ደግሞ ቲ ሴሎችን የሚገታው ፒዲ-ኤል1 ፕሮቲን ይጨምራል፣ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል፣ ሲዲ39 እና ሲዲ73 የተባሉት ኢንዛይሞች የሴል ኃይል ከሚይዘው ኤቲፒ አዴኖሲን ያወጣሉ፤ አዴኖሲኑም የቲ ሴሉን ኤ2ኤ ተቀባይ ይዞ ያዳክመዋል።

ዓባይ ማዶ
መሪጌታ፣ ይበል! ቅኔው ተዘርፏል፤ ጠያቂው ግን ነገ ጠዋት ነው ያለው። ናይትሮጅኑ ካለቀ ሳህኑን ይዞ ጮቄ ተራራ ላይ መውጣት ነው።

የባክቴሪያ ክፍል
ተራራ መውጣት አያስፈልግም፤ የሻማ ጃር (ሻማ ለኩሰው የሚዘጉት ማሰሮ) ይጠቀሙ። እኛ ዘወትር የምንሠራው በእሱ ነው።

ጣና ዳር
የሻማ ጃር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሻማው ጃሩ ውስጥ ብዙ ኦክስጅን ሳለ ይጠፋል፤ ጥቅሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመሩ ነው። ይልቅስ ልጠይቅዎ፤ ሴሎቹን ከሳጥኑ አውጥተው መፍቻውን (ሴሉን የሚያፈርሰውን ፈሳሽ) እስኪጨምሩ ምን ያህል ይቆያሉ? በቲ ሴሉ ገጽ ላይ ያሉትን ሲዲ3 እና ሲዲ28 ፕሮቲኖች በመንካት አነቃቅተዋቸዋል ወይ? ያልተነቃ ቲ ሴል ሂፍ-1 አልፋው አነስተኛ ነው።

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
አነቃቅቻቸዋለሁ። ሴንትሪፉጁ ከኮሪደሩ ማዶ ስለሆነ እዚያ ወስጄ አሽከረክራለሁ፣ ደጋግሜ አጥባለሁ፣ ከዚያ እፈታቸዋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ለውጥ ያመጣል?

የባክቴሪያ ክፍል
አንቲቦዲውን ይቀይሩ። ካልሆነም የሻማውን ጃር ይሞክሩ።

ዳሞት
እኔ የምጠራጠረው መነሻውን ነው። አይጦች ላይ ቪኤችኤል ከሲዲ8 ቲ ሴሎች ሲወገድ ሂፍ ከፍ ይላል፤ ሴሎቹም ደክመው አልተገኙም፤ እንዲያውም ዕጢን የመቆጣጠር ብቃታቸው ጨምሯል። ስለዚህ «ሂፍ ታየ፣ ቲ ሴሉ ደከመ» ብሎ መደምደም አያስኬድም። ሌላው ነገር ማነጻጸሪያው ነው፤ 21 በመቶ የአየሩ እንጂ የሰውነት ሕብረ ሕዋስ ኦክስጅን አይደለም። ደብረ ማርቆስም ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የእርስዎ 1 በመቶ በባሕር ዳርቻ ከሚለካው 1 በመቶ በግፊት ሩብ ያህል ያንሳል። በሪፖርቱ ላይ መቶኛውን ብቻ ሳይሆን ግፊቱንም ይጻፉ።

ጣና ዳር
የዳሞት ነጥብ ለጽሑፉ ይጠቅማል፤ የዛሬው ችግር ግን ግማሽ ሰዓቱ ነው። ሂፍ-1 አልፋ አየር ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚፈርስ፣ ሴንትሪፉጁ ዘንድ ሲደርሱ የሚፈልጉት ነገር የለም። አክቲን ግን ቶሎ ስለማይፈርስ ይታያል። ሳጥኑ ጓንት ካለው ሴሎቹን እዚያው ውስጥ ክዳኑ ወደሚጠብቅ ቱቦ ይገልብጡና ዘግተው በበረዶ ላይ ያውጡ፤ በቀዝቃዛው አሽከርክረው፣ ማጠቡን ትተው፣ ፈሳሹን እንደደፉ ኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚፈታ ሳሙና) ያለበትን መፍቻ ወዲያው ይጨምሩ። ለአንቲቦዲው ማረጋገጫ ኦክስጅን ባይቀንስም ሂፍን በሚያጠራቅመው በኮባልት ክሎራይድ የታከሙ ሌሎች ሴሎችን ጎን ለጎን ይጫኑ፤ እነሱ ላይ መስመር ከታየ አንቲቦዲው ደህና ነው።

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጓንት አለው። ኮባልቱን ቲ ሴሎቹ ላይስ ብጨምረው?

ጣና ዳር
አይጨምሩ። ኮባልት ኢንዛይሞቹን ያግዳል እንጂ ኦክስጅን አይቀንስም፤ ሂፍ ቢታይ እንኳ ከኮባልቱ ይሁን ከኦክስጅን እጥረቱ መለየት አይችሉም።

ዓባይ ማዶ
መብራት ሳይጠፋ ይፍጠኑ።