ጨለለቃ ሐይቅ ላይ የሚዞሩት ትልልቅ አሞሮች ዶሮ ይበላሉ?

ባለዶሮዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሾፍቱ ነኝ፣ ጨለለቃ አጠገብ። ጓሮዬ ውስጥ 60 ዶሮ አለኝ። ጥቅምት ከገባ ወዲህ 11 ጫጩት ጠፍቶብኛል።

የአየር ኃይል ከተማ ስለሆነ እኛ ሰፈር ማንጋጠጥ ብርቅ አይደለም። ሰሞኑን ግን የምናንጋጥጠው ለጄት አይደለም። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ ትልልቅ ቡናማ አሞሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ሽቅብ ይወጣሉ። ትናንት 23 ቆጥሬ ተምታቱብኝ። ልጄ 31 ናቸው ይላል። የሱን አልተቀበልኩም፣ ጭልፊቱንም ደምሮ ነው።

ግራ የገባኝ ሌላ ነው። የታረሰ መሬት ላይ ያርፉና በእግራቸው ይዞራሉ፣ ልክ እንደ ዶሮ። ንስር እንዲህ ይሄዳል እንዴ?

ጎረቤቴ "ጫጩት የጨረሱት እነሱ ናቸው" ብሎ ሥጋ ላይ መርዝ ሊያደርግ ነው። አንቺም አዋጪ ብሎኛል። ብሬን ከማውጣቴ በፊት ልጠይቅ፤ ምንድን ናቸው?

አስጎብኚው

እህቴ፣ መጀመሪያ ጎረቤትሽን ያዥልኝ!

እንደነገርሽኝ ከሆነ እኛ ስቴፕ ኢግል የምንለው ንስር ነው። የሚፈለፈለው ሩሲያ፣ ካዛክስታንና ሞንጎሊያ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ብርዱ ሲመጣ ወደኛ ይወርዳል። በእግሩ የሚዞረው ምስጥና አይጥ ፍለጋ ነው። ያን የሚያህል ግርማ ይዞ ምስጥ ሲለቅም ሳይ እኔም መጀመሪያ አፍሬለት ነበር።

ለማረጋገጥ አፉን እዪ። ከመንቆሩ ሥር የሚነሳ ቢጫ መስመር አለው፣ ዓይኑን አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። እዚሁ አገር የሚኖረውና እሱን የሚመስለው ቡናማ ንስር ላይ መስመሩ ዓይኑ ሥር ያበቃል። ወጣቶቹ ሲበሩ ደግሞ ክንፋቸው ሥር ነጭ ጭረት ይታያል።

ጫጩት ለቀም አድርጎ የሚሄደውማ ጭልፊት ነው። መንቆሩ ቢጫ፣ ጭራው መሀሉ ላይ ገባ ያለ። እሱ ከየትም አልተሰደደም፣ የሰፈርሽ ልጅ ነው።

ስቴፕ ኢግል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግቧል። መርዙ ከሚገድላቸው አንዱ እሱ ነው።

የሞጆው

እኔ ለንስሩ አልምልለትም። የራበው አሞራ ፊቱ የተገኘ ጫጩት ያልፋል ብዬ አላምንም። ግን ባለዶሮዋ፣ ጫጩቶቹ የሚጠፉት ቀን ነው ሌሊት? እኔ ሁለት ወር ሙሉ አሞራ ስረግም ከርሜ፣ ለካ በአጥሩ ቀዳዳ የሚገባው ሽለምጥማጥ ነበር።

ስለ መርዝ ደግሞ ሰው ይምከራችሁ። አምና እኛ ሰፈር ለጅብ ተብሎ ተጥሎ ሁለት ውሻና ሦስት ጥንብ አንሳ ሞተ። ጅቡ እስከ ዛሬ ይጮኻል።

ከኢላት

እስራኤል፣ ኢላት ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። የካቲት ላይ ተራሮቹ ጫፍ ብትወጡ እነዚሁ ንስሮች በላያችሁ ያልፋሉ። ሰዉ ከአውሮፓ ድረስ ወንበርና መነጽር ይዞ እነሱን ሊያይ ይመጣል። "ከአገሬ እየመጡ ነው" ስላቸው ሳቁብኝ። እውነቴን ነው አይደል?

አስጎብኚው

እውነትህን ነው ወንድሜ። ሲመጡና ሲመለሱ መንገዳቸው ይለያያል። ከመሬት የሚነሳ ሙቅ አየር ነው ወደ ላይ የሚያወጣቸው፤ ባሕር ላይ ያ የለም። ስለዚህ ጠባቡን ይመርጣሉ። ሲመጡ ብዙዎቹ ከየመን ወደ ጅቡቲ በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ይሻገራሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው እዚያ ወደ 250 ሺህ አዳኝ አሞሮች ተቆጥረዋል፣ ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑት ስቴፕ ኢግል ናቸው። ሲመለሱ ግን በግብፅ ስዊዝና በእናንተ በኩል ነው።

ባለዶሮዋ

ተመልሻለሁ። ከአንድ ቱሪስት ከሚያስጎበኝ ዘመዴ መነጽር ተዋስኩ። ቢጫውን መስመር አየሁት! ዓይኑን አልፎ ይሄዳል። አፉ የሳቀ ያስመስለዋል።

የሞጆው፣ የኔ የሚጠፉት ቀን ነው። ትናንት ጭልፊቱን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት፤ ያዝኩት ስል መጥረጊያ ወርውሬ ሳትኩት። አሮጌ አጎበር የጫጩቶቹ ቤት ላይ ወጥሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልጎደለም።

ጎረቤቴን መነጽሩን ሰጥቼ አሳየሁት። ብዙ ዝም ብሎ አየና "ከሩሲያ ድረስ መጥቶ ምስጥ?" አለ። መርዙን ግን ስጠኝ ብለው እምቢ አለ፣ ቆጥ ላይ አስቀምጦታል። እሱን እየተጨቃጨቅን ነው።

ዛሬ 17 ቆጠርኩ። ልጄም 17 አለ።