ክሪክ ሸርተት ብሎ ጣቶቼ ተሰበሩ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ መካኒክ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሚኒባስ ጎማ ፈትቼ የፍሬን ሸራ ስቀይር ክሪኩ ሸርተት አለ። "ለአምስት ደቂቃ ነው" ብዬ ከስር ድጋፍ አላስገባሁም ነበር። ሁለት ጣቶቼ ተሰበሩ። (ደረቴ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።)

አሁን እጄ በጀሶ ነው። የጋራዡ ባለቤት ደግሞ "ጥፋቱ የራስህ ነው" ብለው ደሞዜን አቆሙ። አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የጽሑፍ ውል ግን የለኝም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ታዲያ ያለ ውል እንዴት ላስረዳ? የሐኪም ወረቀት ይዣለሁ። ያየው ረዳቴ ብቻ ነው፤ እሱም እንጀራው እንዳይቋረጥ ፈርቷል። ከጋሼ ጋር ሳልቀያየም መብቴን የማገኝበትን መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ። መጀመሪያ የትኛውን ቢሮ ላንኳኳ?