አስቸኳይ! ሰዓቱ በአንድ ሌሊት 14 ደቂቃ ቀደመ፣ ስጦታው ደግሞ ነገ ነው

ቤቲ ሳሪስ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ ለአባባ ያሠራለት ሰዓት ነው። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ከስልኬ ጋር አስተካከልኩት። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳየው 1፡14 ይላል። እንደገና አስተካከልኩት፣ አሁንም እየሮጠ ነው። ነገ አባባ 70 ዓመት ይሞላዋል፣ ዘመድ አዝማድ ባለበት ነው የምንሰጠው። ወንድሜ እዚያ ሌሊት ስለሆነ ስልክ አያነሳም። ምን ላድርግ?

ዳኒ ቦሌ፦
ባትሪውን ቀይሪው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዝም አልልም፦
ኬኩ እንዳያልቅበት ቸኩሎ ነው፣ አትፍረጂበት።

ቤቲ ሳሪስ፦
ባትሪ የለውም። እጅ ላይ ሲንቀሳቀስ ነው የሚሞላው።

የፒያሳው ጋሼ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የምን ሰዓት እንደሆነ ንገሪን። «ቀደመ» ብቻ ተብሎ መልስ አይገኝም። ባትሪ የሌለው ሰዓት በቀን ጥቂት ሰከንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ያለ ነገር ነው። በእኛ ጊዜ ሰው ሁሉ ሴኮ 5 ያስር ነበር። ያ ሰዓት እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ነው የወጣው። 5 የተባለውም ለአምስት ነገር ነው፦ በራሱ ይሞላል፣ ዕለቱንና ቀኑን በአንድ መስኮት ያሳያል፣ ውሃ ይችላል፣ መሙያው (ጎኑ ላይ የምትዞረዋ ቁልፍ) ወደ 4 ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ቤቱና ማሰሪያው ደግሞ ጠንካራ ናቸው። ጠዋት ከሬዲዮ ጋር ያስተካከልነው ሰዓት ማታ አያሳፍረንም ነበር። አሁን ሁሉም ስልኩን ያያል። ማሽኑ ምንድን ነው? ወድቋል? የት ነው ያደረው? እነዚህን መልሺልኝ።

ቤቲ ሳሪስ፦
እሺ ጋሼ። አልወደቀም። ፊቱ ክሬም ቀለም ነው፣ ቁጥሮቹ በግዕዝ ናቸው። የድርጅት ስም የለውም። መስታወቱ ጎበጥ ያለ ነው፣ አባባ ድሮ ያስረው የነበረውን ሴኮ እንዲመስል ብሎ ነው ወንድሜ ያሠራው። ከኋላው ውስጡ ይታያል። ወዲያ ወዲህ ከምትለው ጎማ አጠገብ ኤንኤች 35 የሚል ተጽፏል። ያደረው ሳሎን ነው፣ ስፒከሩ ላይ።

ኪሩ ጂ፦
ይቅርታ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ስም የሌለው ሰዓት ማለት ፎርጅድ ማለት ነው። ድሮ የተሠራ ለመምሰል አዲስ ሰዓት ማስረጀት ምን ይባላል? ወንድምሽን ሸውደውታል። ባወጣው ብር የታወቀ ሰዓት ከነዋስትናው ይገዛ ነበር። ይሄንን ማስጠገን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሐና ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ኪሩ፣ በዚህ አልስማማም። ፎርጅድ ማለት የሌላውን ስም ፊቱ ላይ ጽፎ መሸጥ ነው። እዚህ ምንም ስም የለም። ማሽኑ ደግሞ ኦሪጅናል የሴኮ ነው። ኤንኤች 35 ሴኮ ለሌሎች ሠሪዎች የሚሸጠው ማሽን ነው፣ በራሱ ሰዓቶች ውስጥ 4አር35 ብሎ የሚያስገባው ማለት ነው። 24 ድንጋይ አለው (ጎማዎቹ እንዳይበሉ የሚዞሩባቸው ትናንሽ ጠንካራ ድንጋዮች)፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፣ ተሞልቶ ቢቀመጥ ወደ 41 ሰዓት ይሄዳል። ምኑ ነው ፎርጅድ?
ሰው እንዲህ ያለ ሰዓት የሚያሠራበት ምክንያት አለው። የእውነት የ1960ዎቹን ሰዓት ብትገዛ ውሃ መግባት አለመግባቱን አታውቅም፣ ቀለሙ እንደገና ተቀብቶ ይሆናል፣ መለዋወጫው ጠፍቷል። በዚህኛው መልኩን ከዚያ ዘመን ትወስዳለህ፣ ልቡ ግን ዛሬ የተሠራ ነው፣ ቢበላሽም መለዋወጫው አለ። በዚያ ላይ የግዕዝ ቁጥር! የትኛው ትልቅ ድርጅት ነው ለአንድ አባት ብሎ ፊቱ ላይ ፩ ፪ ፫ የሚያትመው? ለእኔ ይሄ ከስም ይበልጣል።
ቤትዬ፣ ፊቱን ማን እንዳተመለት ወንድምሽን ጠይቂልኝ። እኔም ለእማዬ ማሠራት እፈልጋለሁ።

ኪሩ ጂ፦
ሲሸጥ ዋጋ አያወጣም እኮ ነው ያልኩት።

ሐና ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የአባት ስጦታ ማን ይሸጣል?

ሰዓት ሠሪው፦
ክርክሩን ቆም አድርጉት፣ ልጅቷ ቸኩላለች።
ቤቲ፣ «ስፒከሩ ላይ» ያልሽው ነው መልሱ። ስፒከር ውስጥ ጠንካራ ማግኔት አለ። ሰዓትሽ ማግኔት ይዟል። ጎማዋ ላይ ጸጉር የምታህል ጥቅልል ሽቦ አለች፣ በመጠቅለልና በመፍታት ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። ማግኔት ሲይዛት ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ ሽቦዋ እንዳጠረች ይቆጠራል፣ ጎማዋ ትፈጥናለች። ለዚህ ማሽን ፋብሪካው የሚፈቅደው ልዩነት በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ነው። በ11 ሰዓት ውስጥ 14 ደቂቃ በጭራሽ ጤና አይደለም።
ለማረጋገጥ ኮምፓስ ፈልጊና ሰዓቱን ቀስ ብለሽ አጠገቡ አሳልፊው። ቀስቱ ከተደናገረ ማግኔት ነው።
ማውጫው ቀላል ነው። ብዙ ሰዓት ሠሪ ጋ ትንሽ ሳጥን የመሰለች ማግኔት ማውጫ አለች፣ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክታ ነው የምትሠራው። ሰዓቱ ላይዋ ይደረጋል፣ ቁልፏ ይጫናል፣ እንደተጫነ ሰዓቱ ቀስ እያለ ክንድ እስኪሞላ ይርቃል፣ ከዚያ ነው ቁልፉ የሚለቀቀው። ሰዓቱ ሳይርቅ ቁልፉ ከተለቀቀ ጭራሽ ሊብስ ይችላል። ሥራው ከደቂቃ አያልፍም። ክዳኑም አይከፈትም።
አንድ ነገር ግን አደራ። «ፈጣን ነው፣ ላዘግየው» ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ማስተካከያዋን የሚነካ ካለ አታስነኪ። ማግኔቱ ሳይወጣ ከዘገየ፣ ማግኔቱ በወጣ ቀን ሰዓቱ ወደኋላ ይቀራል። ያኔ ሁለት ችግር ይሆንብሻል።

ዳኒ ቦሌ፦
ማግኔት ነው። ማግኔት ማውጫ ያለው ጋ ውሰጂው።

ማሚ ቲ፦
እኔም ማግኔት ነው እላለሁ። የታብሌት ሽፋንም እንዲሁ ያደርጋል፣ የቦርሳ መዝጊያም። ከማግኔት ማውጫ በኋላ ይስተካከላል።

ዝም አልልም፦
ሩዝ ውስጥ ማሳደር ያለውን ሰው እየጠበቅኩ ነው።

የፒያሳው ጋሼ፦
ሰዓት ሠሪው ትክክል ብሏል። ሆኖም ማግኔቱ ወጥቶም ካልተስተካከለ ሽቦዋ ተጣብቃም ሊሆን ይችላል። ዘይት ከነካት ወይም ሰዓቱ ከተመታ ጥቅልሎቿ ይነካካሉና እንደዚሁ ያስሮጣታል። ያኔ ግን መክፈት ግድ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ እጁ የረጋ ሰው ጋ።

አቤል ዘጎንደር፦
ቀኑን የሚያሳይ መስኮት አለው? ካለው ለአባትሽ ከመስጠትሽ በፊት ይሄን አንብቢ።
አባቶቻችን ብዙዎቹ ሰዓታቸውን በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሞሉት። ፀሐይ ስትወጣ ቆጣሪዎቹ ፲፪ ላይ። ማሽኑ ግን ቀን የሚቀይረው የሰዓት ቆጣሪው ፲፪ን ሁለቴ ባለፈ ቁጥር አንዴ ነው። ቀድመሽ ካላየሽ ቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሊቀየርበት ይችላል፣ አባባም ተበላሽቷል ይላሉ። ስለዚህ ቆጣሪዎቹን ወደፊት አዙሪ። ቀኑ የተቀየረበትን ፲፪ ጠዋት ነው ብለሽ ያዢው፣ ከዚያ ወደሚፈለገው ሰዓት ወደፊት ቀጥዪ።
ሌላው፣ ቀኑን በፍጥነት በሚቀይረው መሙያ ማዞር የሌለብሽ ቆጣሪዎቹ የቀን መቀየሪያውን ፲፪ ለማለፍ ሲቃረቡና ካለፉም በኋላ ነው፣ ማለትም ፊቱ ላይ ከ፱ እስከ ፫ ባለው። ያኔ ጥርሶቹ ተያይዘዋል፣ ሊሰበሩ ይችላሉ። በዚህ አሞላል ያ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ይሆናል። መጀመሪያ ቆጣሪዎቹን ታች ፮ ላይ አውርጃቸው፣ ከዚያ ቀኑን ቀይሪ።
የቀኑ ጎማ እስከ 31 ነው። የእኛ ወር 30 ስለሆነ በየወሩ መጀመሪያ አንዴ 31ን ማሳለፍ ነው። ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ከ6 ወይም ከ7 ተነስቶ እስከ 1 ብዙ ማዞር አለበት። ለአባባ ይሄን ብታስረዷቸው በደስታ ነው የሚያደርጉት። የኔ አባት በየወሩ መባቻ ሰዓቱን ሳይነካ ቁርስ አይበላም።

ቤቲ ሳሪስ፦
ወይኔ ተመስገን፣ ቀን አለው። ኮምፓሱን በስልኬ ሞከርኩ፣ ሰዓቱን ሳስጠጋው ቀስቱ ዞሮ ቀረ። አሁን ሰዓት ሠሪ ልፈልግ ነው የምወጣው። ፒያሳ ነው መርካቶ የሚሻለኝ?

ሰዓት ሠሪው፦
ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ ቅርብሽ ያለው ይሻላል። ስትገቢ «ማግኔት ማውጫ አላችሁ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂ። ከሌላቸው ሰዓቱን ሳትሰጪ ውጪ። ከወጣለት በኋላ ከስልክሽ ጋር አስተካክለሽ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቂና እይው። ቆሞ ከነበረ ደግሞ መሙያውን ሳትስቢ 20 ዙር ያህል ሙዪው። ዛሬ ማታ ከስፒከርና ከስልክ አርቀሽ አሳድሪው።

ኪሩ ጂ፦
ስለ ማሽኑ ሐና ያለችው ገብቶኛል። ግን ኦሪጅናል መሆኑን በጽሑፉ ብቻ ማወቅ ይቻላል? ጽሑፉም ይኮረጃል እኮ።

ሐና ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም። ማሽኑን የት እንደገዛ ሠሪውን መጠየቅ ነው። የምትተማመንበት ሠሪ ሳይደብቅ ይነግርሃል።

ወርቁ አዳማ፦
እግረ መንገድ ልጠይቅ። እኔ ጋ ከኪስ ሰዓት ማሽን የተሠራ የእጅ ሰዓት አለ፣ ዩኒታስ 6497፣ ትልቅ ነው፣ ሰከንድ ቆጣሪው በስተግራ 9 ላይ ለብቻው ነው። በእጅ ነው የሚሞላው። እሱ ደግሞ በቀን 4 ደቂቃ ይዘገያል። ማግኔት ነው?

ሰዓት ሠሪው፦
ማግኔት አብዛኛውን ጊዜ ያስቀድማል። እንዲህ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ዘይቱ የደረቀ ወይም የቆሸሸ ነው። ተፈትቶ መጽዳት ያስፈልገዋል። ያ ማሽን ጠንካራና ሰፊ ስለሆነ ለማጽዳት አያስቸግርም። ዘይቱ በደረቀበት ብዙ ከሠራ ጥርሶቹን ይበላል፣ እስኪጸዳ ድረስ ባትሞላው ይሻላል።

ሐና ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቤቲ፣ ተስተካከለ? የፊቱን አታሚ ነገርም አትርሺብኝ።